ዝምታዎቹን የጻፍኳቸው እኔ ነኝ

ያንን የክራር መልመጃ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ኖታዎቹን ብቻ አይደለም፤ በመካከላቸው ያሉትን አራት ዝምታዎችም አንድ በአንድ ያስገባኋቸው እኔው ነኝ። እያንዳንዳቸው አራት ምት። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አልለመነኝም። ሰዎች "በሕይወትሽ ምን ይቆጭሻል?" ሲሉኝ ያላገባሁትን ሰው ወይም ያልተማርኩትን ትምህርት የምጠራ ይመስላቸዋል። ኤዲያ! እኔን የሚቆጨኝ አሥራ ስድስት ምት ዝምታ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ፎገራ ወረዳ፣ ወረታ የሄድኩት ገዥው ግንባር አገሩን ጠቅልሎ ይዞ በነበረባቸው የመጨረሻ ዓመታት ነው። አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግኩ፣ በሙዚቃ የተመረቅኩ፣ ጠባዬ ደግሞ ሚጥሚጣ የሆነ ሴት ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኝቶኝ "እኔ የማዝነው ላንቺ ሳይሆን ለፎገራ ነው" አለኝ። አልተሳሳተም። በመጀመሪያው ወር ከቤት አከራዬ፣ ከባጃጅ ነጂው፣ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተጣልቼ ታርቄያለሁ። በጋ ሙቀቱና ትንኙ፣ ክረምት ጭቃው! ከአዲስ አበባ ይዤው የመጣሁት ጫማ አንድ ሐምሌ እንኳ አልዘለቀም። የሙዚቃ ክፍል ብለው የሰጡኝ ድሮ የስፖርት ዕቃ ይከማችበት የነበረ የቆርቆሮ ቤት ነው። ዝናብ ሲመጣ ትምህርት ይቋረጣል፤ ጣሪያው ራሱ ከበሮ ስለሚሆን እኔ ብጮህ ማን ይሰማኛል?

በሦስተኛው ዓመት አንድ ፕሮጀክት ሁለት ላፕቶፕ ሰጠን። በውስጣቸው ሁለት ሶፍትዌር ተጭኖ ነበር። አንደኛው ኖታ መጻፊያ ነው፤ ዜማውን እጽፍበታለሁ፣ እሱ መልሶ ይጫወትልኛል፣ የተሳሳትኩትን አርማለሁ። ሁለተኛው የልምምድ መመዘኛ ነው። በመጀመሪያው የጻፍኩትን ወደዚህ አሻግረዋለሁ፤ ተማሪው ከፊቱ ተቀምጦ ይጫወታል፤ ማሽኑ በማይኩ እየሰማ ልክ የሆነውን አረንጓዴ፣ ያልሆነውን ቀይ ያደርጋል። መጨረሻ ላይ ከመቶ ውጤት ይሰጣል። ድምፁንም ቀድቶ ከነቀኑ ከነሰዓቱ ያስቀምጣል። ቀዩን ምልክት ብትነኩት ደግሞ ያቺን ቅጽበት ብቻ ለይቶ ያሰማችኋል፤ ተማሪው "አልተሳሳትኩም" እንዳይል ማለት ነው።

እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሰባ ልጅ በአምስት ክራር ለሚያስተምር ሰው እንዲህ ያለ ረዳት ከሰማይ የወረደ ነው። በእርግጥ መጀመሪያ ላይ ማሽኑ ክራርን አላወቃትም። የእኛን ቅኝት ስንሰጠው ገጹን ከላይ እስከ ታች ቀይ አለበሰው። "የማትሰማው አንተ ነህ እንጂ ልጆቼስ አልሳቱም!" ብዬ ላፕቶፑን በልጆቹ ፊት ሰድቤዋለሁ፤ እስከ ዛሬ ሲያወሩት ይስቃሉ። ቀስ በቀስ ገራሁት። ለድምፁ ከፍታና ዝቅታ ትንሽ ምሕረት እንዲያደርግ አዘዝኩት። የክራር ድምፅ ለስላሳ ስለሆነ ደግሞ የማይኩን ጆሮ እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ይህችን ልብ በሉልኝ።

በሙዚቃ ክበቡ ውስጥ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ልጅ ነበረችኝ። ቤተሰቦቿ ወደ ርብ ወንዝ አቅጣጫ፣ ሜዳው ላይ ሩዝና ጤፍ የሚያርሱ፣ ከብት የሚያረቡ ገበሬዎች ናቸው። እሷ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ከተማ ውስጥ ክፍል ተከራይታ፣ ዓርብ ዓርብ አገር ቤት ወርዳ፣ ሰኞ ስንቋን ተሸክማ ትመለስ ነበር። እንደሷ ያለ ጣት አላስተማርኩም። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረባት፤ ትቸኩላለች። ዜማው ትንፋሽ በሚወስድበት ቦታ ሁሉ እሷ ዘላ ወደሚቀጥለው ትገባለች። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!" ብዬ ብጮህባት አንገቷን ሰብራ ትስቃለች እንጂ አትታረምም። ስለዚህ ለእሷ ብቻ መልመጃ ጻፍኩላት። በአንቺ ሆዬ ቅኝት፣ አጭር ዜማ፣ በየመሃሉ አራት ምት ዝምታ። "እዚህ ጋ ጣትሽን አንሺና በልብሽ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት በይ። ዝም ማለትም መጫወት ነው" አልኳት። ማሽኑ በዝምታው ላይ አንዳች ድምፅ ከሰማ ቀይ ያደርገዋል።

በዚያው ሰሞን ከየወረዳው አንዳንድ ልጅ ተመርጦ ሙዚቃ ትምህርት ቤት እንደሚገባ የሚገልጽ ደብዳቤ መጣ። ከማመልከቻው ጋር በማሽኑ የተመዘኑ አሥር ልምምዶች ከነድምፃቸው መያያዝ አለባቸው፤ ሁሉም ከዘጠና በላይ። ልጅቷ የአሥረኛ ክፍል ፈተናዋ የትም የሚያደርሳት እንዳልሆነ እሷም እኔም እናውቅ ነበር። ያለቻት በር ይህችው ናት። ሐምሌ ገብቶ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ፣ አንዱን ላፕቶፕ አገር ቤት ወስዳ እንድትለማመድ ወሰንኩ። ባትሪው ሦስት ሰዓት ይቆያል፤ ሰኞ ሰኞ ወደ ክበቡ ይዛው ትመጣና እዚሁ ቻርጅ ይደረጋል። ወላጅ ግን መፈረም ነበረበት፤ ስለዚህ ቦት ጫማዬን አጥልቄ ወረድኩ።

አባቷ ከሩዙ ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው ወጡ። አምሳውን ያለፉ፣ ድምፃቸው ከማዶ የሚሰማ፣ ሰው የሚያስታርቁ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ናቸው። "ጋሼ" ብዬ ስጠራቸው ሳቁብኝ። "ጋሼ የአዲስ አበባ ነው። እዚህ አያ ነው የሚባል" አሉኝ። ከዚያ ላፕቶፑን ከሩቅ እያዩ ጠየቁኝ።

"ይኸ ሣጥን ይሰማል አልሽኝ?"

"አዎ፣ ልጅዎ ስትጫወት ይሰማና ስሕተቷን ይነግራታል።"

"የሰማውንስ ለማን ነው የሚያደርስ?"

ሳቄ መጣ። "ለእኔ ብቻ ነው።"

"አንቺስ ለማን ታደርሻለሽ?"

"ኧረ ለማንም አያ! እኔ ክራሩን እንጂ ሌላውን ምን ሊያደርግልኝ!"

"እንግዲያማ ይግባ" አሉ ወደ ልጃቸው ዞረው። "ግድግዳ ጆሮ አለው ሲባል እሰማ ነበር፤ ጆሮ ብቻ የሆነ እንግዳ ግን ዛሬ ማየቴ ነው። ወተት ይጠጣል?" ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ወረቀቱን ፈረሙ፤ እኔንም ወተት አጠጥተው ሸኙኝ። ቃል የገባሁት እንደዚያ ነው፤ በሳቅ መሃል፣ ምን ቃል እንደገባሁ እንኳ ሳላስተውል። ውኃ ሰውን እንደሚወስደው፣ እያሳሳቀ የሚወስድ ነገር አለ።

ያ ክረምት እንደሌሎቹ አልነበረም። ከሐሙሲት እስከ ይፋግ ድረስ ወጣቶች እየታፈሱ ይወሰዱ ነበር፤ የት እንደተወሰዱ የሚናገር የለም። እናቶች ስንቅ ቋጥረው ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ይሄዱና ቋጠሮውን እንደያዙ ይመለሳሉ። ከተማው ውስጥ ሱቆች በጊዜ ይዘጋሉ። ወሬኛ የነበሩት ባጃጅ ነጂዎች እንኳ ሒሳብ ተቀብለው ዝም ሆኑ። የስልክ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ይመጣል፣ እንደገና ይጠፋል። የጎንደሩ አውራ ጎዳና አንድ ቀን በድንጋይ ይዘጋል፣ በማግስቱ በወታደር መኪና ይከፈታል። እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ዓይኔ ያለው አሥሩ ልምምድ ላይ ነበር። የሌላ አገር ሰው ነኝ፣ ፖለቲካው አይመለከተኝም ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር።

አንድ ሰኞ ልጅቷ ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልላ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ከትታ መጣች። ዘጠኝ ልምምድ ነበራት፤ ይህኛው አሥረኛው ነው። ከፈትኩት። ዘጠና ሦስት! ግን ዝምታዎቹ፣ አራቱም፣ ቀይ ሆነዋል።

ግልፍ አለኝ። "ምነው አንቺ ልጅ! ዝም በይ ባልኩሽ ቦታ ምን ታደርጊያለሽ?"

"እኔ አይደለሁም ቲቸር። ጣቴን አንሥቼ እየቆጠርኩ ነበር።"

የመጀመሪያውን ቀይ ነካሁት። የወንድ ሳልና "ልጆቻችንን እስኪመልሱ" የሚል ድምፅ ተሰማ። የአባቷን ድምፅ አወቅሁት፤ እንዲያ ያለ ድምፅ የት ይደበቃል? ልጅቷ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ገበሬው አረም በማያርምበት ቀን፣ የሰፈሩ ወንዶች እነሱ ቤት ይሰባሰባሉ። እሷም ከአረም የምታርፈው እሑድ ብቻ ስለሆነ ጥግ ይዛ ትለማመዳለች። የተቀሩትን ሦስት ቀዮች አልነካኋቸውም። ምን ሊያደርጉልኝ? የጓዳ ጫጫታ ነው ብዬ ተውኩት።

አሁን የሠራሁትን ልንገራችሁ። በዚያን ጊዜ ለሁሉም ነገር ሪፖርት እየተሞላ ወደ ወረዳ ይላክ ነበር። ቅጹ ሁለት ዓምድ አለው፤ ጠንካራ ጎን፣ ደካማ ጎን። ደካማ ጎኑን ባዶ ትተህ ከላክህ ተመልሶ ይመጣል። "ደካማ ጎን የሌለው ሥራ የለም፤ ተደብቋል ማለት ነው" ይሉሃል፤ ቀጥሎም በግምገማ ትቆማለህ። ግምገማ የማያውቅ ካለ ታድሎ! የሥራ ባልደረቦችህ ተራ በተራ እየተነሡ ጉድለትህን የሚዘረዝሩበት ስብሰባ ነው። እኛ መምህራን ስለዚህ አንድ ዘዴ ነበረን፤ ማንንም የማይጎዳ ትንሽ ጉድለት ፈልጎ መጻፍ። የጠመኔ እጥረት፣ የወንበር መሰበር፣ የዝናብ ጩኸት። እኔም ብዕሬን አንሥቼ በልጅቷ ስም ትይዩ፣ በደካማ ጎን ሥር እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "በልምምዱ ዝምታዎች ላይ የወንዶች ንግግር ይሰማል፤ ቤተሰቡ ሊመከር ይገባል።" ቀኑንና ሰዓቱን ከማሽኑ ገለበጥኩ። ፈረምኩ። ማንንም የማይጎዳ ጉድለት አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር!

ሳምንት ሳይሞላ፣ ቅዳሜ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ቤቴ ድረስ መጣ። "ሰኞ ከሰዓት የክትትል ሰው ይመጣል" አለኝ። "ማሽኑን ማየት ይፈልጋል። ሪፖርትሽን አንብቦታል።"

"የቱን ሪፖርት?"

"እኔ ምን አውቄ! አዘጋጂው ብቻ" አለና ዓይኔን ሳያይ ወጣ።

ወደ ክፍሌ ሄድኩ። ልጅቷ ያመጣችልኝን ልምምዶች ወደ ትምህርት ቤቱ ላፕቶፕ ገልብጫቸው ነበር። አሥረኛውን ከፈትኩና ቀዮቹን በተርታ ነካኋቸው። አንደኛው፦ "ልጆቻችንን እስኪመልሱ።" ሁለተኛው፦ "ድልድዩ ላይ ድንጋይ።" ሦስተኛው፦ "ቀድሜ የምቆመው እኔ ነኝ።" አራተኛው ላይ ሌሎች ወንዶች "እኛም" ይላሉ። በመካከሉ ያለውን ንግግር ክራሩ ሸፍኖታል። እነዚህን አራት ቦታዎች ግን እኔ ክፍት ትቻቸው ነበር፤ ጥርት ብለው ይሰማሉ።

አጥፊው፣ አሁኑኑ አጥፊው ብዬ የላፕቶፑን ቀስት እስከ ማጥፊያው ድረስ ወሰድኩት። ከዚያ ማሰብ ጀመርኩ፤ ምነው ባላሰብኩ! ሪፖርቴ ላይ አሥር ልምምድ ብያለሁ፤ ሰኞ ሰውየው ዘጠኝ ብቻ ቢያገኝ የውሸት ሪፖርት ይባላል። የወንዶች ንግግር ብለሽ የጻፍሽው የት ሄደ ቢለኝስ? ልጅቷ ማመልከቻው እስከሚዘጋበት ዓርብ ሌላ ልትቀዳ ትችል ነበር፤ አዎ፣ ትችል ነበር። እኔ ግን በግምገማ ቆሜ ስዋረድ ታየኝ። ሙዚቃ ሊያይ የመጣ ሰው ቀዩን ለምን ይነካል አልኩ። ደግሞስ መንካት ያውቅበታል? እንዲህ እያልኩ ራሴን አባበልኩና ላፕቶፑን ዘጋሁት። የልጅቷን አሥረኛ ልምምድ ለማትረፍ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ውሸት ነው፤ ራሴን ለማትረፍ ነው።

ሰኞ ጠዋት ልጅቷ መጣች። ያኔ እንኳ አፌን ሞልቼ አልነገርኳትም። "ያንን በዝምታው ላይ ድምፅ ያለበትን እንደገና ተጫወቺው፤ እስከ ዓርብ አምጪው" አልኳት። "አባትሽንም እባክዎ ቤት ውስጥ ድምፅዎን ከፍ አድርገው አያውሩ በያቸው።"

ሳቀች። "አባቴን ማን ዝም ያሰኘዋል ቲቸር!"

"ንገሪያቸው ብቻ! አንቺ ልጅ፣ እኔ ያልኩሽን ንገሪያቸው!" ብዬ ጮህኩባት። ደነገጠችና እሺ አለች። ቻርጅ የተደረገውን ላፕቶፕ በከረጢቷ ይዛ ከቀትር በፊት ወጣች። የጮህኩባት ከሥጋት እንደሆነ በምን ታውቃለች? እኔ ሁልጊዜ እጮሃለሁ።

ሰውየው ከሰዓት በኋላ ጃንጥላ ይዞ መጣ። ጭቃውን ከጫማው ላይ በሩ ሥር ጠርጎ፣ ካልጋበዝኩት በቀር የማይቀመጥ፣ እርስዎ እያለ የሚያናግር ትሑት ሰው ነው። "እኔም ልጅ ሆኜ ዋሽንት እነፋ ነበር" አለኝ። ኖታ መጻፊያው እንዴት እንደሚሠራ ጠየቀኝ፤ አሳየሁት። መመዘኛው ከእሱ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ጠየቀኝ፤ አሳየሁት። ተግቶ የሚማር ተማሪ ቢሆን ኖሮ እንዴት ደስ ባለኝ። ከዚያ ከቦርሳው የእኔን ቅጽ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ጽሑፌን አየሁት።

"ይህኛውን ይክፈቱልኝ።"

ከፈትኩ። ክራሩ መጫወት ሲጀምር ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። "ጎበዝ ልጅ ናት" አለ። ከዚያ ዓይኑን ገልጦ የመጀመሪያውን ቀይ በራሱ ጣት ነካ። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን ሁለት ጊዜ ነካው። አራተኛውን። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ምናለ ያን ዕለት እንኳ ቢዘንብ! ጣሪያው ድምፅ አልባ ሆነና እያንዳንዱ ቃል ክፍሉ ውስጥ ተሰማ።

"ይህ ድምፅ የማን ነው?"

"አላውቅም።"

ቅጹን ወደ እኔ አዞረው፤ ጣቱን ቃሌ ላይ አሳረፈ። "ቤተሰቡ ሊመከር ይገባል ብለዋል እኮ። ቤተሰቡን ሳያውቁ ነው?"

ምን ልበል? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። "የአባቷ ይመስለኛል" አልኩ። "ይመስለኛል" የምትለዋ ቃል የምታድነኝ መስሎኝ ነበር። ሰውየው ፍላሽ አወጣና ልምምዱን ገለበጠ። ሲወጣ በሩ ላይ ዞር አለ። "ጎበዝ መምህርት ነዎት። ይህ ወደ ሌሎች ወረዳዎች ሊሰፋ የሚገባው ምርጥ ተሞክሮ ነው" አለኝ። ጃንጥላውን ሳይዘረጋ ሄደ።

ወዲያው ባጃጅ ይዤ የጠጠሩ መንገድ እስከሚያልቅበት ወረድኩ። ስልክ አይሠራም። ከዚያ በእግሬ ገሰገስኩ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ርብ ሞልቶ ሜዳውን አልብሶታል። መንደሩ ከውኃው ማዶ ይታያል፤ የቤታቸውን ጭስ ለይቼ አየሁት። አንድ ሰው ታንኳ ይዞ ቆሟል። "ላሻግርሽ፣ ግን ዛሬ የሚመልስሽ የለም" አለኝ። ዋና አልችልም። መልእክት ልስጠው? ማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ? በዚያን ጊዜ ሰው ሰውን አያምንም። እዚያ ጭቃው ላይ ምን ያህል እንደቆምኩ እንጃ። ታንኳው ጠንካራ ነበር፤ ሰውየውም ደኅና ሰው ይመስል ነበር። ልሻገር እችል ነበር። ፈራሁና ተመለስኩ።

ረቡዕ ዕለት አባቷን ከሩዙ መካከል ወሰዷቸው። ሲያርሙ ነበር አሉ፤ እጃቸውን እንኳ አላስታጠቧቸውም።

ስለሳቸው ልጨርስ። የተፈቱት በዓመቱ፣ ሩዝ ሲታጨድ ነው። አንድ ቅዳሜ ይፋግ ገበያ ላይ ፊት ለፊት ተገናኘን። ከስተዋል፤ ከፊት ጥርሳቸው ጎድሏል። ሰላምታ ሰጥተውኝ፣ ስለ ጤናዬ ጠይቀውኝ፣ ስለ ልጃቸው አመስግነውኝ፣ ከዚያ ያ ከማዶ ይሰማ የነበረው ድምፃቸው በጣም ዝቅ ብሎ "መምህሯ፣ ሣጥንሽ ደኅና ነው?" አሉኝ። እግዜር ያሳያችሁ፣ መልስ አልሰጠኋቸውም። እሳቸው ራሳቸው "በይ ደኅና ሁኚ" ብለው ወደ ከብት ገበያው ገቡ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ያ ዓርብ ነው፤ ከተወሰዱ በሁለተኛው ቀን።

የማመልከቻው የመጨረሻ ቀን ነበር። አትመጣም ብዬ ነበር፤ እንዳትመጣም ጸልዬ ነበር። ረፋድ ላይ ያንን የማዳበሪያ ከረጢት በራሷ ላይ ተሸክማ በሩ ላይ ቆመች። እሷ እስከ ወገቧ ርሳለች፤ ላፕቶፑ ላይ ግን አንዲት ጠብታ የለችም። ዓይኗ አብጧል። ላቅፋት ስል ከረጢቱን አስቀደመች። "ዓርብ ነው ስላሉኝ ትናንት ተጫወትኩት" አለች።

"ልጄ፣ ይቅር እንጂ ዛሬ…"

"አይ ቲቸር። አባቴ ለዚህ ብሎ ነው የፈረመ።"

ከፈትኩት። ከጎኔ ቆማ ታያለች። ማሽኑ ከመጀመሪያው ኖታ እየተነሣ ቀለም መቀባት ጀመረ፤ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ። የመጀመሪያው ዝምታ ጋ ደረሰ። ንጹሕ። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግሁት፤ የሷ ሹክሹክታ ብቻ ነው ያለው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ሁለተኛው ንጹሕ። ሦስተኛው ንጹሕ። ያ ሰውዬ ሁለት ጊዜ የነካው ቦታ ላይ ትንፋሽ እንኳ የለም። አልቸኮለችም። አንድም ቦታ አልቸኮለችም። አራተኛውም አለፈ፣ ዜማው አለቀ፣ ማሽኑ መቶ ብሎ ጻፈ። ከክበቡ ልጆች መቶ ያገኘ እስከዚያን ቀን አልነበረም።

ቁጥሩን ለረጅም ጊዜ አየችው።

"አባቴ ቤት ቢኖር ኖሮ ያበላሸው ነበር" አለች።

ከዚያ ዞራ "ቲቸር፣ ማን ነገረበት ይመስልዎታል?" ብላ ጠየቀችኝ። የጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ የቅጹ ግልባጭ ነበር፤ ከጉልበቷ አንድ ስንዝር አይርቅም። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አራት ምት ሙሉ ዓይን ለዓይን ተያየን።

"እንጃ ልጄ" አልኳት።

ማመልከቻውን አሸግሁላት። ከላይ የሚያያዘው ቅጽ ላይ በስሟ ትይዩ፣ በደካማ ጎን ሥር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልጻፍኩም። ይመለሳል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልተመለሰም።